እንቅልፍ ያጣች ነፍሰ ጡር፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ችግርና መፍትሄ

«በየትኛው ጎኔ ልተኛ?» ገና ማርገዟን ያወቀች ሴት ቶሎ ከምትጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። መልሱ አጭር ነው። እንደተመቸሽ ተኚ። በጀርባሽም፣ በሆድሽም፣ በቀኝሽም፣ በግራሽም ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንቅልፍ የሚነሳሽ አተኛኘትሽ አይደለም። ሽንት ነው። ቃር ነው። ባዶ ሆድ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ተበልቶ ወዲያው የተተኛበት እራት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚመጣ የቧንቧ ውሃ ነው። የሌሊቱ ችግር አብዛኛው የሚጀምረው ቀን ላይ ነው። መፍትሄውንም እዚያው ነው የምታገኚው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ከከተማው ዳር ለምንኖር ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ። የእርግዝና ምክር ሁሉ «እራትሽን በጊዜ ብዪ፣ በጊዜ ተኚ» ይላል። ጥሩ ነው። ግን ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆማ ለሚመሽባት ሴት ይህ ምክር ብቻውን ምን ይረባታል? ስለዚህ ምክሩን ወደ ሠፈራችን እናምጣው። አንቺ ግን ከራስሽ ምልክት ጀምሪ። የሚቀሰቅስሽ ምንድን ነው? በስንት ሰዓት? የአንቺን ፈልጊና ሌላውን እለፊው።

«በሆዴ ብተኛ ፅንሱን እጫነው ይሆን?»

አትጫኚውም። እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ማህፀን ያለው ዳሌ አጥንት ውስጥ ነው። አጥንቱ ከልሎታል። ፅንሱም በ12ኛው ሳምንት ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፤ በውሃ ተከቦ ይንሳፈፋል። ስለ ጎን አተኛኘት የምትሰሚው ምክር ለኋለኞቹ ወራት የተሰጠ ነው። ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ በጀርባ መተኛት አይመከርም። ያኔ የከበደው ማህፀን ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫን ነው። እዚያ እስክትደርሺ ገና ብዙ ጊዜ አለሽ።

«ተኝተሽ አትገላበጪ፣ እትብቱ ይጠመጠማል» ያለሽ ሰው ካለም ፈገግ ብለሽ አመስግኚና ተገላበጪ። የእትብት መጠምጠም ከእናት መገላበጥ ጋር አይገናኝም። በዚህ ፍርሃት ሌሊቱን ሙሉ እንደ ደረቀች የምታድር ሴት ጠዋት ወገቧን ብትታመም አይግረማት።

«ሌሊት ሦስት አራቴ ሽንት ይቀሰቅሰኛል»

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በእርግዝና የደም መጠን ይጨምራል፤ ኩላሊትም ከወትሮው ብዙ ደም ያጣራል። ሁለተኛ፣ እያደገ ያለው ማህፀን ዳሌ ውስጥ ከሽንት ፊኛ ጋር ቦታ ይሻማል። ማህፀኑ ከዳሌ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከሦስተኛው ወር በኋላ፣ ብዙ ሴቶች ለጥቂት ወራት እፎይ ይላሉ።

ብዙዎች የሚወስዱት መፍትሄ ውሃ መተው ነው። ይሄ አያዋጣም። ውሃ ሲያንስ ሆድ ይደርቃል፣ ራስ ያማል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ይመቻችለታል። ውሃውን አትቀንሺ፤ ሰዓቱን ቀይሪ። ጠዋትና ከሰዓት ደህና አድርገሽ ጠጪ። ከመተኛትሽ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ግን ለመድኃኒትና ጉሮሮ ለማርጠብ ያህል ይበቃል። ሻይና ቡና ሽንት ስለሚያበዙ ማታ ላይ ቢቀሩ ጥሩ ነው።

ሥራ ውላ የምትገባ ሴት ግን ሌላ ችግር አለባት። ታክሲ ላይ ሽንት እንዳይመጣባት ቀኑን ሙሉ ሳትጠጣ ትውልና ቤት ስትገባ ግማሽ ጆግ ትጨልጣለች። ሌሊቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከሥራ ከመውጣትሽ አንድ ሰዓት በፊት መጠጣት አቁሚ። ስትወጪ ሽንት ቤት ግቢ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሰዓታት ግን አትሰስቺ። ቤት ስትደርሺም እግርሽን ለግማሽ ሰዓት ያህል ትራስ ላይ ሰቅለሽ ተቀመጪ። ቆመሽ ስትውዪ እግር ላይ የወረደው ፈሳሽ ወደ ደም ተመልሶ በሽንት ይወጣል። ከመተኛትሽ በፊት ቢወጣልሽ ይሻላል።

ስትሸኚ አትቸኩዪ። ከጨረስሽ በኋላ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ በዪና ድጋሚ ሞክሪ። ፊኛው ባዶ ካልሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ ትመለሻለሽ።

ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነስ? ብዙዎቻችን የተከራየነው እንዲህ ያለ ቤት ነው። በክረምት ጭቃ፣ በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ፣ ሌሊት ደግሞ ውሻና ጅብ። ፖፖ ወይም ክዳን ያለው ባልዲ ክፍል ውስጥ አስቀምጪ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። አያቶቻችንም ሲያደርጉት ኖረዋል። የግድ የምትወጪ ከሆነ ባትሪ ያዢ፣ የማይንሸራተት ጫማ አድርጊ። ከአልጋ በድንገት ተነስተሽ አትሩጪ። በእርግዝና መጀመሪያ የደም ግፊት ትንሽ ስለሚወርድ ብድግ ሲሉ ያዞራል። አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀምጠሽ ተነሺ። መብራቱንም ሁሉንም አታብሪው። ደማቅ ብርሃን «ነግቷል» ብሎ ያነቃሻል።

ስትሸኚ የሚያቃጥልሽ፣ ሽንቱ የሚሸት ወይም ደም ያለው፣ ትኩሳት ወይም የጎን ውጋት የጨመረበት ከሆነ ግን ይሄ የእርግዝና ጠባይ አይደለም። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሽንትሽን አስመርምሪ። ሳይታከም ከቆየ ወደ ኩላሊት ይወጣል።

«ያቅለሸልሸኛል፣ ሌሊትም ጭምር»

«የጠዋት ሕመም» ይሉታል እንጂ ሰዓት አይመርጥም። ብዙ ጊዜ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ይጀምራል። በ9ኛው ገደማ ይብሳል። ከ12ኛው እስከ 16ኛው ባለው ጊዜ ለአብዛኛዋ ሴት ይቀላል። ሌሊት የሚብሰው ሆድ ባዶ ስለሚሆን ነው። ከምሳ በኋላ ምንም ሳትቀምሽ እስከ ማታ ከቆየሽ፣ ማታም አስጠልቶሽ ሁለት ጉርሻ ከሆነ የበላሽው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሆድሽ ቢገለባበጥ አይደንቅም።

መፍትሄው ከአልጋሽ ራስጌ ይጀምራል። ደረቅ ነገር አስቀምጪ። ደረቅ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቂጣ፣ ብስኩት። ሌሊት ስትነቂ ትንሽ ቅመሺ። ጠዋት ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት እዚያው እንደተጋደምሽ ቆርጠሽ ብዪና ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ተነሺ። የሽምብራ ቆሎ ግን ለማታ አይሆንም። ሆድ ይነፋል።

ቀን ላይ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ብዪ። ትልቅ ምሳ ከአራት ትንንሽ መክሰሶች አይበልጥም። ውሃውን ከምግብ ጋር ሳይሆን በመሃል በመሃል ተጎንጪው። ዝንጅብል ብዙዎችን ይረዳል። ትንሽ ትኩስ ዝንጅብል በሙቅ ውሃ በቂ ነው። ካልበቃሽ ስለ ቫይታሚን ቢ6 ሐኪም ወይም አዋላጅ ጠይቂ። ለእርግዝና ማቅለሽለሽ የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ነው።

ሽታ ሌላው ጠላት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ቁሌት በመስኮት ይገባል፤ መከልከል አይቻልም። የራስሽን ግን መቆጣጠር ትችያለሽ። ምግብ የሚሠራው ሰው በሩን ዘግቶ ይሥራ። ወጡ ቅዳሜና እሑድ ተሠርቶ ፍሪጅ ቢገባ፣ በሥራ ቀን ማታ ሽንኩርት አይቁላላም። ስቱዲዮ ቤት ከሆነ የምትኖሪው ይህ ነገር ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ አልጋሽ ያለው ማዕድ ቤቱ ውስጥ ነውና።

ጾም ከሆነስ? ሆድ ባዶ ሆኖ እስከ ከሰዓት መቆየት ማቅለሽለሹን ያብሰዋል። ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ንስሐ አባትሽን በግልጽ አማክሪ። ሙስሊም ከሆንሽ ለራስሽ ወይም ለፅንሱ ስትሰጊ ረመዳንን አፍጥረሽ በኋላ መክፈል እንደሚፈቀድልሽ ታውቂያለሽ። ማንንም ሳያማክሩ እየተንገዳገዱ መጾም ግን የጽድቅ መንገድ አይመስለኝም።

ኪኒንሽንም እይ። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው አይረንና ፎሊክ አሲድ አስፈላጊ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን እና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይመክራል። አይረኑ ግን በባዶ ሆድ ሲወሰድ ያቅለሸልሻል። ከትንሽ ምግብ ጋር ውሰጂው ወይም ሰዓቱን ቀይሪው። «አልተስማማኝም» ብለሽ ከመጣልሽ በፊት አዋላጇን አነጋግሪ።

አንድ ቀን ሙሉ ፈሳሽ እንኳ ካልቆየልሽ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ ወይም ከጠፋ፣ ቆመሽ መሄድ ካቃተሽ፣ ክብደትሽ ቶሎ ከወረደ ግን ጊዜው የቆሎ አይደለም። ጤና ተቋም ሄደሽ ግሉኮስ ሊያስፈልግሽ ይችላል። «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» የሚለውን አትስሚ።

«ጋደም ስል ደረቴን ያቃጥለኛል»

ቃር ነው። ፕሮጄስትሮን የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን ጡንቻዎችን ያላላል። የጨጓራን የላይኛ በር የሚዘጋው ጡንቻም አብሮ ይላላል። ሆዱም ምግብ ለመፍጨት ይዘገያል። ከዚያ ስትጋደሚ አሲዱ ወደ ላይ ይመጣል። ብዙ ሰው ቃር የመጨረሻው ወር ችግር ይመስለዋል፤ ግን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ዋናው መፍትሄ በእራትና በአልጋ መሃል ሁለት ሦስት ሰዓት ማድረግ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ቤት የምትገባ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት የምትነሳ ሴት ይህን ከየት ታመጣዋለች? የምትችለው እራቱን ለሁለት መክፈል ነው። ዋናውን ከመንገድ በፊት ብዪ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ከቢሮ ሳትወጪ። ከቤት የያዝሽው ዳቦ በእንቁላል፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ከምሳ የተረፈ ፍርፍርም ቢሆን። ቤት ስትገቢ ትንሽ ሾርባ ወይም ቂንጬ ይበቃሻል። ባልሽ ወይም እናትሽ «ሳትበዪማ አትተኚም» ቢሉ ቀደም ብለሽ እንደበላሽ ንገሪያቸው። በፍቅር የቀረበ ትልቅ ጉርሻም ቃር ያመጣል።

ቀይ ወጥ፣ ሚጥሚጣ፣ ዘይት የበዛበት ጥብስ ለምሳ ይሁን። ማታ አልጫ ይሻላል። በጣም የኮመጠጠ እንጀራ ለአንዳንዷ ይብሳል፤ ራስሽን ተከታተዪ። ቃር ሲይዛት ጋዝ ያለው ውሃ የምትጠጣ ብዙ ናት። ግሳቱ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ከግሳቱ ጋር ግን አሲዱም ይወጣል።

የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጊው። የራስጌውን እግሮች ከሥር ጡብ ወይም ጠንካራ እንጨት አስገብተሽ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ማድረግ ማለት ነው። ትራስ መደራረብ ግን አንገትን ያጥፋል፣ ሆድንም ያጨማድዳል። ፍራሽሽ መሬት ላይ ከሆነ የታጠፈ ብርድ ልብስ ከፍራሹ ሥር ከትከሻ ጀምሮ አስገቢ። የግራ ጎን የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። በግራ ስትተኚ የጨጓራው ቅርጽ አሲዱን ወደ ታች ይይዘዋል።

የቃር መድኃኒት ፋርማሲ አለ። ግን እርጉዝ መሆንሽን ተናግረሽ ግዢ። ከአይረን ኪኒንሽ ጋር አንድ ላይ አትዋጪው፤ አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግደዋል። በሁለት ሰዓት አራርቂያቸው።

«ቀን ይደፋኛል፣ ሌሊት ዓይኔ ፈጦ ያድራል»

ቀን የሚደፋሽ ያው ፕሮጄስትሮን ነው። ስንፍና አይደለም። ሰውነትሽ የእንግዴ ልጅ እየሠራ ነው። ስለዚህ ቀን መተኛት ክልክል አይደለም። ግን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይሁን፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃም አይለፍ። በምሳ ሰዓት ወንበር ላይ ራስሽን አስደግፈሽ መሸለብ ጥሩ ነው። አስቸጋሪው የማታው የሰርቪስ እንቅልፍ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከሳሪስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ተኝታ የመጣች ሴት በ4 ሰዓት እንቅልፍ አልመጣም ብትል ምን ይገርማል? መንገዱ ላይ የምታወሪው ሰው ፈልጊ።

ሌላው ቡና ነው። ለነፍሰ ጡር በቀን ከ200 ሚሊግራም ያልበለጠ ካፌይን በሰፊው የሚመከር ገደብ ነው። በሲኒ መቁጠር ግን ያስቸግራል። የአንዱ ቤት አቦል የሌላው ቤት ቶና ላይሆን ይችላል። እኔ የምለው አንድ የጠዋት ሲኒ፣ ግፋ ቢል ሁለት፣ ከምሳ በኋላ የለም። ካፌይን ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ ነው፤ እርግዝና ሲገፋ ደግሞ ለመውጣት የባሰ ይዘገያል። ሻይም፣ ኮካም ካፌይን አላቸው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ደግሞ አይረን ይቀንሳሉ። ጫት ከነጭራሹ ይቅር። እንቅልፍ ማጥፋቱ ሳያንስ የፅንሱን ክብደትም ይነካል።

ጎረቤት የማታ ቡና ሲጠራሽ ምን ትያለሽ? ብዙዎቻችን ሦስት ወር እስኪሞላ ለሰው አንናገርም። «ጨጓራዬን አሞኛል» በያት። በአዲስ አበባ ይህን የማያምን ሰው የለም። የግድ ከሆነ በረካው ይድረስሽ፤ ቀጭን ነው። ጤና አዳም የተነከረበትን ግን አትቀበዪ። ጤና አዳም በብዛት ማህፀን ሊያነሳሳ የሚችል ተክል ነው። እርግዝና ላይ ቢቀር ይሻላል።

ድካሙ ከልክ ካለፈ፣ ደረጃ ስትወጪ ልብሽ የሚመታ፣ ትንፋሽ የሚያጥርሽ ከሆነ፣ ደምሽን አስለኪ። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት ሁሉንም ደረጃው ላይ ታሳብባለች። የደም ማነስ ግን በምርመራ ይለያል።

«ውሃው የሚመጣው ሌሊት ነው»

ይሄ የእርግዝና መጽሐፍ ላይ የለም። እኛ ሠፈር ግን እንቅልፍ ከሚሰብሩ ነገሮች ዋነኛው ይመስለኛል። ውሃ በፈረቃ ነው። ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ቧንቧው መንሿሿት ሲጀምር ሴቷ ናት የምትነሳው። ጀሪካን ታሰልፋለች፣ በርሜል ትሞላለች፣ ልብስም ትዘፈዝፋለች። ስትመለስ እንቅልፉ ሄዷል።

መፍትሄው ጥቂት ብር ወይም አንድ ንግግር ይጠይቃል። አቅም ካለ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ያለው ሮቶ። ካልሆነ ከቧንቧው ወደ በርሜል የሚደርስ ላስቲክ ጎማና ተረኛ ባል። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ደረጃ ላይ ይዘሽ የምትወጪው ነገር አይደለም። እርግዝናሽን ስለደበቅሽ ማንም አያግዝሽም። ስለዚህ ከግቢው ወይም ከብሎኩ ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ። አፏን የምትይዝ ጎረቤት አትጠፋም።

ስለ ድምፅም ካነሳን፣ ውሻ፣ የግንባታ ቦታ ማደባለቂያ፣ የሌሊት ጸሎት ድምፅ ማጉያ። ከእነዚህ ጋር አትጣዪ። የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ ፋርማሲ በርካሽ ይገኛል። አልጋውን ከመስኮት አርቂው። ወፍራም መጋረጃም ትንሽ ያፍናል።

«ጠዋት ራሴን አሞኝ አቅለሽልሾኝ እነሳለሁ፣ ከቤት ስወጣ ይተወኛል»

እዚህ ላይ ቆም በዪ። ይህ እርግዝና ላይሆን ይችላል፤ ከሰል ሊሆን ይችላል። መብራት ሲጠፋ ወይም ሲበርድ ምድጃ ቤት ውስጥ ይገባል። ማታ ቡና የተፈላበት ፍምም እዚያው ያድራል። የነደደ ከሰል ጢስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። ኦክሲጅን በደም እንዳይጓጓዝ ያደርጋል። ፅንሱን ደግሞ ከእናቱ አብልጦ ይጎዳዋል። በዚህ ጋዝ ተኝተው በዚያው የቀሩ ቤተሰቦች ታሪክ በየብርዱ ወቅት የምንሰማው ነው።

ምልክቱ ከእርግዝና ጋር ስለሚመሳሰል ነው አደገኛነቱ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። መለያው ሁለት ነው፤ ውጭ ስትወጪ ይቀልሻል፣ ቤት ያሉትም ሰዎች ይታመማሉ። መፍትሄው ድርድር የለውም። ምድጃው ከመተኛት በፊት ከነፍሙ ይውጣ። ዕጣንም ካጨስሽ መስኮት ክፈቺ። ለብርዱ ጋቢ ደርቢ፣ ካልሲ አድርጊ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ በጨርቅ ጠቅልለሽ እግርሽ ሥር አድርጊ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ብርዱ ቀልድ አይደለም። ግን ብርድ በልብስ ይመለሳል።

ቶሎ ቶሎ የሚያልፉት

ጡትሽ አብጦ ቢያምሽ ሆርሞን ነው። ብረት የሌለው ለስላሳ የጥጥ ጡት መያዣ አድርገሽ ተኚ። በጎን ስትተኚ የተጠቀለለ ጋቢ አቅፈሽ አንዱን ጫፍ በጉልበቶችሽ መሃል አድርጊ። ለነፍሰ ጡር ተብሎ የሚሸጠውን ውድ ትራስ አሁን መግዛት አያስፈልግም።

አፍንጫሽ ያለ ጉንፋን ቢደፈን የደም ሥሮቹ አብጠው ነው። የጥርጊያ መንገዳችን አቧራ ያብሰዋል። አንሶላና ትራስ ልብስ ቶሎ ቶሎ እጠቢ። አፍንጫሽን ፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ትንሽ ጨው ባለበት ውሃ እጠቢ።

ሆድ ድርቀትና መነፋት ካለ ጎመን፣ ብርቱካን፣ የበሰለ ፓፓያ፣ ውሃና የእግር መንገድ። አይረን ኪኒን ሆድ ሊያደርቅ፣ ሰገራንም ሊያጠቁር ይችላል፤ አትደንግጪ።

ባትሽን ጨምድዶ ቢይዝሽ የእግር ጣቶችሽን ወደ ራስሽ ሳቢ፣ ተነስተሽ ጥቂት ተራመጂ። እግርሽ ማታ ማታ እረፍት አጥቶ «አንቀሳቅሺኝ» የሚልሽ ከሆነ፣ በተለይ አፈር ወይም የጀበና ስባሪ ካማረሽ፣ የአይረን ማነስ ሊሆን ይችላልና ተመርመሪ። አንዱ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ ካመመሽ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

«ሐሳብ ነው የሚያነቃኝ»

ይቀጥል ይሆን? በኪራይ ቤት እንዴት እናሳድገዋለን? ሕልሙም አብሮ ይመጣል፤ ቁልጭ ያለ፣ አንዳንዴም የሚያስፈራ። ሌሊት ብዙ ጊዜ ስለምትነቂ ሕልሙ መሃል ላይ ትያዢያለሽ፤ ለዚህ ነው የሚታወስሽ። ትንቢት አይደለም። ፍቺ ፍለጋ ለሁሉ ሰው አታውሪው፤ ያልጠየቅሽውን ፍርሃት ጨምረው ይሰጡሻል።

ሩብ ሰዓት ያህል ተገላብጠሽ እንቅልፍ እንቢ ካለ ተነሺና በደብዛዛ ብርሃን ተቀመጪ። ጸልዪ፣ ልብስ እጠፊ፣ የሚያሰለች ነገር አንብቢ። እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሺ። ስልክሽን ግን አትክፈቺ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለ ውርጃ ምልክት የምታነብ ሴት እስኪነጋ አትተኛም።

ለሥጋቱ ከሁሉም የሚሻለው ክትትል መጀመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ምርመራ ከ12 ሳምንት በፊት እንዲሆን፣ በጠቅላላው ስምንት ጊዜ እንድትታዪ ይመክራል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነፃ ነው። ሌሊት የሚያስጨንቁሽን ጥያቄዎች ጽፈሽ ለአዋላጇ ይዘሽላት ሂጂ። ሐዘንና ተስፋ ማጣቱ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ እሱንም ንገሪያት።

የእንቅልፍ ኪኒን በራስሽ አትግዢ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በልኩ ይቻላል፤ አይቡፕሮፌን አይሆንም። ጠላና ጠጅ «እንቅልፍ ያመጣል» ተብሎም አይጠጣም፤ በእርግዝና ምንም ጉዳት የለውም የተባለ የአልኮል መጠን የለም። ኮሶማ አይታሰብም።

እስኪነጋ የማይጠበቅ

ቀለል ያለ፣ የወር አበባ የሚመጣ የሚመስል ቁርጠት በዚህ ጊዜ የተለመደ ነው። ደም ከፈሰሰሽ፣ ከታች በአንድ በኩል ኃይለኛ ሕመም ከያዘሽ፣ የትከሻሽ ጫፍ ካመመሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ ወይም ልትስቺ ከሆነ ግን ወዲያው ውጪ። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ከፍተኛ ትኩሳትም እንዲሁ።

ከከተማ ዳር ሌሊት መኪና ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ይህን ዛሬ ቀን ላይ ጨርሺው። መኪና ያለውን ጎረቤት ወይም የሠፈሩን ባለ ታክሲ ስልክ ያዢ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ 939 የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ። ሌሊት ክፍት የሆነው ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ ሄደሽ አረጋግጪ። የብሎክ ቁጥርሽንና የመግቢያውን ምልክት በወረቀት ጽፈሽ በሩ ጀርባ ለጥፊ። ደንግጦ የሚደውለው ሰው «ከአስፋልቱ ገባ ብሎ» ብቻ እንዳይል።